የቤታችንን ግድግዳ በገዛ እጃችን እናስውብ

«ግድግዳም ጆሮ አለው» ይባላል። ግድግዳ ከጆሮውም ሌላ አፍ እንዳለው የሚያውቁት ግን ቤት የሚያስተዳድሩ እናቶች ናቸው። እንግዳ ገብቶ ገና አረፍ ሳይል፣ ቡናውም ሳይቀርብ፣ የቤቱን ኑሮ አስቀድሞ የሚናገረው ግድግዳው ነው። የተላጠው ቀለም፣ በጢስ የጠቆረው ማዕዘን፣ ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው የእርጥበት ምልክት ሁሉ ሳይጠየቁ ይመሰክራሉ። በዚህም ምክንያት ብዙዎቻችን በዓል በደረሰ ቁጥር የግድግዳውን አፍ ለመዝጋት እንጣደፋለን። አንዳንዶቻችን በአሮጌው ቀለም ላይ አዲስ እንደርባለን፤ አንዳንዶቻችን መጋረጃ እንጋርዳለን፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በገበያ በብዛት የሚገኘውን፣ የጡብ ወይም የአበባ መልክ ያለውን ተለጣፊ ላስቲክና ፎም ገዝተን እንለጥፋለን።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆኑን በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ አካባቢ፣ በአንድ የጭቃ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። በልብስ ስፌት ሥራ የሚተዳደሩት እኚህ እናት በአንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከደመወዛቸው የቆጠቡትን አውጥተው ተለጣፊ ላስቲክ ገዙና የመኝታ ክፍላቸውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር አለበሱት። ለበዓሉ የመጡ ዘመዶች አደነቁ፤ ጎረቤቶችም የት እንደተገዛ ጠየቁ። መስቀል ካለፈ በኋላ ግን ከግድግዳው ሥር የሚተኛው ትንሹ ልጃቸው ሌሊት ሌሊት ያስለው ጀመር። ጉንፋን ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨመቀለት። ሳሉ ግን አልተወውም። በኅዳር ወር ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት የጤና ባለሙያዋ ስለ ሳሉ ከጠየቋቸው በኋላ፣ ልጁ የሚተኛው የት እንደሆነና ቤቱ እርጥበት እንዳለው ጠየቋቸው። እናትየው ወደ ቤት ተመልሰው፣ አልጋውን ሳብ አድርገው የላስቲኩን ጫፍ ሲገልጡት፣ ግድግዳው እንደ ረጠበ ስፖንጅ ሆኖ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታም ከላስቲኩ ጀርባ ተነጥፎ አገኙት።

«ግድግዳው የአከራዬ ነው፤ ሳንባው ግን የልጄ ነው» አሉን ያንን ቀን ሲያስታውሱ።

እኚህ እናት ዛሬ ያ ግድግዳ ደርቆና አምሮ ይታያቸዋል። የተሠራውም በኖራ፣ በቀይ አፈር፣ በአንድ አሮጌ የራጅ ፊልምና በቤተሰቡ እጅ ነው። እኛም ሥራው እንዴት እንደሆነ ከእርሳቸው ቤት ተምረን፣ ስለ ግድግዳ አያያዝ የሚታወቀውንም አክለን፣ ለእናቶችና ለሠራተኞች ይጠቅማል ያልነውን በዚህ ዓምድ አቅርበናል።

ግድግዳ ማስዋብ ለእኛ አዲስ አይደለም

የግድግዳ ጌጥ ሲባል ከውጭ አገር በጥቅልል የሚመጣ ወረቀት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በገጠሩ ክፍል ጭቃው ከጭድ ጋር ቦክቶ ግድግዳው ከተመረገና ከደረቀ በኋላ፣ ሴቶች በእበት፣ በአመድ፣ በነጭና በቀይ አፈር እየለቀለቁ ሲያስውቡት ኖረዋል። በሐላባ አገር የሚያልፍ መንገደኛ የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆዎች ውጫዊ ግድግዳቸው በልዩ ልዩ ቀለማት ተሥሎ ያያል።

ወደ ሐረር ስንሄድ ደግሞ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪዎች ቤት ግድግዳን እንደ መደርደሪያም እንደ ጌጥም መጠቀም እንደሚቻል ያስተምረናል። በኖራ ነጭ በሆነው ግድግዳ ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫ የሚሆኑ መስኮት መሰል ጉድጓዶች አሉበት፤ ከዚህም ሌላ በሴቶች እጅ የተሰፉ ባለቀለም የስንደዶና የአክርማ ስፌቶች፣ ሳህኖችና ጎድጓዳ ዕቃዎች በሥርዓት ተሰቅለውበት ይታያሉ። ስፌቱ የሴቲቱን ባለሙያነት የሚያሳይ ነው። የሐረር ጀጎል ከተማ በ1998 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ ሆና ስትመዘገብ፣ ይህ የቤት አሠራር ከቅርስነቷ አንዱ መታወቂያ ነበር።

በከተማም ቢሆን የእናቶቻችንን ቤት ያየ ሰው ይህን አይረሳውም። ግድግዳው በጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። በላዩም በጥልፍ የተሠራ ጨርቅ፣ አንበሳ ወይም ጣዎስ ያለበት የግድግዳ ምንጣፍና በዳንቴል ዳር ዳሩ የተከበበ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ይሰቀል ነበር። ከአልጋው አጠገብ ያለውን ጋዜጣ እያየ ፊደል የለየና ንባብ የተለማመደ ልጅ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ ሙያው በእጃችን ያለ ነው። የጎደለን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው።

ጌጥ የሚጀምረው ከማድረቅ ነው

በከተማችን ቤት የሚታደሰው ብዙውን ጊዜ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን፣ ለአዲሱ ዓመት ተብሎ ነው። ይህ ወቅት ግን ግድግዳ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ውሃ ጠጥቶ የሚገኝበት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የረጠበ ግድግዳ ቀለም ሲቀባ ወይም ላስቲክ ሲለጠፍበት፣ ውሃው መውጫ ያጣል። በዚህም የተነሣ ቀለሙ በጥቂት ወራት ውስጥ አብጦ ይላጣል፤ ከላስቲኩም ጀርባ ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታ የሚበትነው ብናኝ ሳልን ያመጣል፤ አስም ያለበትንም ሰው ሕመሙን ያስነሣበታል። በመሆኑም የግድግዳ ሥራ የሚመረጥበት ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ፣ ፀሐይና ነፋስ ግድግዳውን ካደረቁት በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ ባሉት የበጋ ወራት ነው። ኅዳር 12 ቀን ቤት ጠርጎ፣ ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣ ልማድ እንደሆነ ይነገራል። ሰፈሩ ሁሉ ለጽዳት በሚነሣበት በዚያ ሰሞን ግድግዳንም መመርመር መልካም ነው።

እርጥበት ወደ ግድግዳ የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ከላይ ሲሆን፣ ቆርቆሮ ሲበሳ ወይም አሸንዳ ሲደፈን የሚወርደው የዝናብ ውሃ ነው። ሁለተኛው ከታች ነው፤ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ ግድግዳም ከመሬት ውሃ ይስባል። ሦስተኛው ከውስጥ ነው፤ ይኸውም ከሚፈላው ድስት፣ ቤት ውስጥ ከሚሰጣው ልብስና ከምንተነፍሰው አየር የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ውሃነት ይለወጣል።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። በአራቱም ማዕዘን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ንጹሕ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርገን ዳር ዳሩን በፕላስተር አጥብቀን መዝጋትና ሁለት ቀን ማቆየት ነው። ላቦቱ ከላስቲኩ ጀርባ ከታየ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ ወደ ክፍሉ በሚያየው ገጹ ላይ ከታየ ደግሞ ከክፍሉ አየር ነው።

መፍትሔውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። የተበሳ ቆርቆሮ መድፈን፣ አሸንዳ መጥረግ፣ ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ከወለሉ ዝቅ እስኪል መቁረጥ፣ ውሃው ከቤቱ እየራቀ የሚሄድበት ቦይ መቅደድና ዕጣቢ ከግድግዳ ሥር አለመድፋት ለውጭው ናቸው። ምግብ ሲበስል መስኮት መክፈት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ማራቅ፣ ልብስን በተቻለ መጠን ውጭ ማስጣት ለውስጡ ናቸው። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ብዙዎች መፍትሔ ይመስላቸዋል። ሲሚንቶ ግን ጭቃው የያዘውን ውሃ ስለማያስተነፍስ፣ ውሎ አድሮ ልስኑ ከጭቃው ተለይቶ ይወድቃል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ እናቀርባለን። ግድግዳው ቶሎ ይድረቅ ተብሎ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት የሰው ሕይወት ያጠፋል። የከሰል ጭስ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለው። ግድግዳን የሚያደርቁት ጊዜና ነፋስ ናቸው።

የኖራ ሥራ ደረጃ በደረጃ

ኖራ የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሆነ ሙቀት ሲቃጠል የሚገኝ ነው። ከውሃ ጋር ተዋህዶ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ መልሶ ወደ ድንጋይነት ይጠጥራል። ግድግዳው እንዲተነፍስ ይፈቅዳል፤ ጠባዩም ለሻጋታ አይመችም። ለጭቃ ቤት ከዘይት ቀለም ይልቅ ተስማሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ግን ኖራ አይዝም፤ መጀመሪያ ቀለሙ መነሣት አለበት።

ለቤት ሥራ መግዛት የሚገባው ቀድሞ የበረደውን የኖራ ዱቄት ነው። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ፈልቶ ይፈነጥቃል፤ ስለሆነም ልምድ ለሌለው ሰው አይመከርም። የበረደውም ቢሆን ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ሠራተኛው የእጅ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና መነጽር ማድረግ፣ ልጆችንም ከበርሜሉ ማራቅ አለበት። ወደ ዓይን ከገባ ሳይዘገዩ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

1ኛ፦ ሻጋታውንና የተላጠውን ሁሉ መፋቅ። ብናኙ እንዳይነሣ ግድግዳውን በትንሽ ውሃ እያራሱ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍነው ይሥሩ። ፍቅፋቂውን ሰብስበው ወዲያው ከቤት ያውጡ።

2ኛ፦ ስንጥቁን መድፈን። ከደቃቅ የጤፍ ጭድ ጋር በደንብ የቦካ ጭቃ ለጭቃ ግድግዳ ከሁሉ ይሻላል። ከተደፈነ በኋላ እስኪደርቅ መታገሥ ግድ ነው።

3ኛ፦ ኖራውን መበጥበጥ። ለአንድ ጣሳ የኖራ ዱቄት ሁለት ጣሳ ያህል ውሃ ይበቃል። ዱቄቱን ወደ ውሃው እንጨምራለን እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አንጨምርም። ሌሊቱን አሳድሮ በማግስቱ በወንፊት ወይም በአሮጌ ሻሽ ማጥለል ነው። ውፍረቱ ከወተት መብለጥ የለበትም።

4ኛ፦ ግድግዳውን በውሃ ማርጠብ። ደረቅ ግድግዳ የኖራውን ውሃ በአንድ ጊዜ ስለሚጠጣው ኖራው ዱቄት ሆኖ ልብስ ይነካል። ስለዚህ ከመቀባታችን በፊት ውሃ በብሩሽ እንረጫለን፤ እንዲንጠባጠብ ግን አናደርገውም።

5ኛ፦ ስስ አድርጎ ሦስት ጊዜ መቀባት። በየመካከሉ አንድ ቀን ማሳለፍ ይገባል። ኖራ እርጥብ ሳለ አይታይም፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ የመጀመሪያውን ዙር አወፍሮ ይቀባና ይሰነጣጠቅበታል።

ቀለም እንዲኖረው የፈለገ ደግሞ ቀይ ወይም ቢጫ አፈር ፈጭቶ፣ በቀጭን ወንፊት ነፍቶ፣ በውሃ በጥብጦ ይጨምራል። የአፈሩ ክብደት ከኖራው አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ከበለጠ ኖራው የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ቀለሙ ሲደርቅ ከእርጥቡ በጣም ስለሚፈዝና ወደ ነጭነት ስለሚያደላ፣ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ ሞክሮ አንድ ቀን ማየት ብልኅነት ነው።

የነጠላው ጥበብ ወደ ግድግዳው

ነጩ ግድግዳ ከደረቀ ከሳምንት በኋላ የጌጡ ተራ ይደርሳል። የኮልፌዋ እናት የመረጡት ጌጥ ከነጠላቸው ጥበብ የተወሰደ ነው። ጥበብ የተሠራው በመስመርና በማዕዘን ስለሆነ ለመቅረጽ ከአበባ ይቀልላል። ከሞሰብ ክዳን ላይ የሚገኘው ቅርጽም እንዲሁ ነው።

በመጀመሪያ ቅርጹን በካሬ ወረቀት ላይ መንደፍ፣ ቀጥሎም ወደ ጠንካራ ነገር ገልብጦ በስለት መቁረጥ ነው። ካርቶን ቀለም ሲጠጣ ስለሚላላ፣ አገልግሎቱን የጨረሰ የራጅ ፊልም ከሁሉ ይሻላል። ፊልሙ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ደጋግሞ ይሠራል። የስለቱን ሥራ ለልጆች መተው አይገባም።

ከመቀባት በፊት መለካት ያስፈልጋል። የእናትየው ግድግዳ ርዝመት 4 ሜትር ሲሆን፣ ቅርጹ 16 ሳንቲ ሜትር ነበር። 400 ለ16 ሲካፈል 25 ስለሚሆን ቅርጹ ሳይቆረጥ ከጥግ እስከ ጥግ ይገባል። ሂሳቡን የሠራችው ትልቋ ልጃቸው ናት። ቁጥሩ እኩል የማይካፈል ከሆነ ከግድግዳው መካከል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ጥጎች መሄድ ይሻላል፤ እንዲህ ሲሆን የሚቆረጠው ቅርጽ በሁለቱም በኩል እኩል ይሆናል። መስመሩ እንዳይጣመም ክር በጠመኔ ዱቄት አጥቁሮ ሳይሆን አቅልሞ በሁለት ሰው ወጥሮ መልቀቅ ቀጥ ያለ ምልክት ይሰጣል። ከወለል እስከ መስመሩ አንድ ሜትር ያህል ቢሆን ለዓይን ይስማማል።

ቀለሙ የሚነካው በስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ቀለም ከነካ በኋላ በአሮጌ ወረቀት ላይ ተጨምቆ ደረቅ ሊል ይገባል፤ የራሰ ስፖንጅ ከፊልሙ ሥር እየገባ ጥበቡን ያበላሻል። ፊልሙን አጥብቆ ይዞ ከዳር ወደ መካከል መታ መታ ማድረግ እንጂ ማሸት አያስፈልግም። ለዚህ ሥራ አነስተኛ ጣሳ የውሃ ቀለም ለአንድ ክፍል ይበቃል።

ጨርቅ፣ ስፌትና ሥዕል ለሚሰቅሉ

መቀባት የማይፈቀድለት ወይም የማይመቸው ሰው በሚሰቀል ነገር ግድግዳውን ሊያለብስ ይችላል። መሐሉ አልቆ ጥበቡ ብቻ ደኅና የሆነ ነጠላ ወይም ቀሚስ በየቤታችን አይጠፋም። ጥበቡን ቆርጦ፣ ዳሩን ቀምቅሞ፣ በቀጭን የእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥሮ መስቀል ለዓመታት የሚቆይ ጌጥ ነው። ሦስት ሰፌዶችን በመጠን አበላልጦ ከአንድ መስመር ላይ መስቀልም ክፍሉን ያሞቀዋል። ሲያስፈልግም ከግድግዳው ወርደው ሥራቸውን ይሠራሉ።

የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም። ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ ማገሩን ወይም ቋሚውን ድምፁ ሲወፍር ማግኘትና ሚስማሩን እዚያ ላይ መምታት ይገባል። በብሎኬት ቤትና በኮንዶሚኒየም ደግሞ በመሰርሰሪያ በስቶ ፊሸር ማስገባት የተሻለ ነው። ነገር ግን ከመብራት ማብሪያና ማጥፊያ፣ ከሶኬትም በቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ባለው መስመር ላይ በፍጹም መብሳት አይገባም፤ ሽቦው የሚያልፈው በዚያ ነውና።

ጋዜጣ ወይም የግድግዳ ወረቀት መለጠፍ የሚፈልጉም አሉ። ሙጫው አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ አራት ስኒ በሚፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ ሲበስል ይገኛል። ነገር ግን ይህ ሙጫ ለበረሮ ምግብ ነው፤ ወረቀቱ የተነሣበት ስፍራም ለትኋን መሸሸጊያ ይሆናል። ስለሆነም የሚለጠፈው በደረቅ ግድግዳ ላይ፣ አየር ሳይቀር ከመካከል ወደ ዳር በጨርቅ እየተዳመጠ ነው። የተላቀቀው ሲታይም ወዲያው መልሶ መለጠፍ ይገባል። በምድጃና በሻማ አጠገብ ወረቀትም ሆነ ፎም መለጠፍ ለእሳት በር መክፈት ነው።

በአሮጌ ቤት የሚኖሩ ሁሉ ሌላም ነገር ይወቁ። በቀድሞ ዘመን የተቀባ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ብናኙ በሕፃናት የአእምሮ ዕድገት ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም። እያራሱ መፋቅ፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ሥራው እስኪያልቅ ከክፍሉ ማራቅ፣ ወለሉንም ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ያስፈልጋል።

የተከራይ ግድግዳ

የኮልፌዋ እናት ከሻጋታው ቀጥሎ ያስጨነቃቸው ጉዳይ ሌላ ነበር። «ቤቱን ባሳመርሽው ቁጥር ኪራዩን በራስሽ ላይ ትጨምሪያለሽ» ያሏቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ይህ ስጋት የብዙ ተከራይ እናቶች ስጋት መሆኑን እናውቃለን። እርሳቸው ግን የላስቲኩን ጀርባ ለአከራያቸው አሳዩ። የግድግዳው ሥር መበስበስ ቤቱንም የሚጥል መሆኑን አስረዱ። በመጨረሻም አከራዩ ቦዩን ሊያስቆፍሩና አሸንዳውን ሊያስጠግኑ፣ ተከራይዋም የኖራውን ዋጋና ጉልበቱን ሊችሉ ተስማሙ።

እንዲህ ያለው ስምምነት በቃል ባይቀር መልካም ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ውል ሲፈረም የግድግዳው ሁኔታ እንዴት እንደነበረና ዕድሳቱን ማን እንደሚሠራ አብሮ ቢጻፍ ሁለቱንም ወገን ከጭቅጭቅ ያድናል። ተከራይ የሆነ ሰው ከመቀባቱም ሆነ ከመብሳቱ በፊት ማስፈቀድ ይኖርበታል።

ሥራው የእናት ብቻ አይደለም

ስድስት ቀን በሥራ ቦታ፣ ማታ ማታ በማጀት የምትደክም ሴት ላይ ግድግዳ መጨመር ፍርድ አይደለም። ሥራው ለቤተሰቡ ሁሉ ሊከፋፈል ይችላል፤ መከፋፈልም አለበት። አባት ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳውን ይጥረግ፣ ቦዩን ይቆፍር፣ ግድግዳውን ይፋቅ። ከፍ ያሉ ልጆች ይለኩ፣ ክሩን ይወጥሩ፣ በስፖንጁ ይምቱ። ትንንሾቹም ኖራው ከደረቀ በኋላ ቅርጹን በወረቀት ላይ ይሣሉ። ሥራው ሁሉ በአንድ ቀን እንዲያልቅ መጣደፍም አያስፈልግም። አንዱ እሑድ ለመፋቅ፣ ሌላው ለመድፈን፣ ቀጣዩ ለኖራ፣ የመጨረሻው ለጥበቡ ቢደረግ ከአንድ ወር ያልበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የረጠበ ግድግዳ ግን ከዚህ በፊት የሚደርቅበት የራሱ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የኮልፌው ግድግዳ ከኅዳር እስከ ጥር ራቁቱን ቆይቷል። በእነዚያ ወራት የገና እንግዶች መጥተው ያንን የተፋቀ ጭቃ አይተዋል። እናትየው እንደነገሩን፣ ካሳለፉት ሁሉ የከበዳቸው ይህ ነበር፤ ግድግዳው እየተናገረ ዝም ብሎ መታገሥ።

እኛ በሄድንበት ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። አልጋው ከግድግዳው አንድ ጋት ራቅ ብሏል። ሳሉ ከተወው ቆይቷል፤ የጤና ጣቢያውን ክትትል ግን እናቱ አላቋረጡም። ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት በግድግዳው ላይ ያሉትን ጥበቦች ከበሩ እስከ መስኮቱ መቁጠር ልማድ ሆኖበታል። እኛም እንዲቆጥርልን ጠየቅነው። ጣቱን እየቀሰረ ቆጠረ። ሃያ አምስት ሞላ፤ አንድም አልተላጠም።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ከሚመጣው በዓል አስቀድማችሁ አልጋችሁንና ቁም ሣጥናችሁን ሳብ አድርጋችሁ የግድግዳችሁን ጀርባ ተመልከቱ። ደርቆ ካገኛችሁት ጌጡን ጀምሩ፤ ረጥቦ ካገኛችሁት ማድረቁን አስቀድሙ። መልካም ሥራ እንመኝላችኋለን።